ከድሬና ከሐረር እስከ አዋሽ ፓርክ በደንገጎና በጨርጨር ተራሮች፦ በራስ መኪና ለሚሄድ

1. የከዚራ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬ ተነስተን በደንገጎ፣ በቁልቢ፣ በሂርናና በጭሮ አድርገን አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ለመግባት አስበናል። መኪናው ቪትዝ፣ 1000 ሲሲ፣ አውቶማቲክ ነው። ሁለት ትልቅ ሰው፣ ሁለት ልጅ። ዋናው ነገር መድረሱ አይደለም፤ ተራራውንና ሐይቆቹን (አዴሌ፣ ሐሮማያ፣ በሰቃ) በቀን ብርሃን እያዩ መሄድ ነው። ቪትዝ ይችለዋል ወይ? በስንት ሰዓት ይነሳል? ነዳጅ የት የት ይቀዳል? ፓርኩ ውስጥስ እስከ የት ያስገባል? መንገዱን የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልን።

2. ደንገጎ_ሾፌር

ወንድሜ፣ ይቻላል። ግን ለሁለት ቀን አስበው፤ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይሞከርም።

በደንገጎ በኩል ከድሬ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ 290 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ጭሮ ያለው 190 ገደማ ሲሆን ጊዜህን የሚበላው እሱ ነው። ኩርባው፣ ከብቱ፣ ባጃጁ፣ የገበያ ቀኑ ሲደመር በሰዓት ከ40 እስከ 45 ካገኘህ ጥሩ ነድተሃል። እንግዲህ መቆሚያው ሳይቆጠር እስከ ጭሮ አራት ሰዓት ተኩል፣ ከጭሮ አዋሽ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያዝ።

መነሻህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይሁን። ጉዞህ ወደ ምዕራብ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ከጀርባህ ናት፤ ፊት ለፊትህ ያለው ተራራ በሙሉ ይበራልሃል። ከ9 ሰዓት በኋላ ግን ያችው ፀሐይ መስታወትህ ላይ ትቀመጥና ኩርባ ጫፍ ላይ የቆመ አህያ እንኳ አያሳይህም። አቧራማ መስታወት ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ የመስታወት ውሃህን ሞልተህ ውጣ።

ደንገጎን እንደወጣህ ሁለት መንገድ ታገኛለህ። ግራው ሐረር፣ ቀኙ ቁልቢና አዲስ አበባ ነው። ወደ ቀኝ ከታጠፍክ በኋላ መንገዱ የሚሄደው በተራራው ጀርባ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው የሚያምረው። በቀኝህ የሚወርደው ዝናብ ወደ አዋሽ ተፋሰስ፣ በግራህ የሚወርደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። ገደሉና የቆላው ሰፊ ሜዳ የሚታየው በቀኝ በኩል ስለሆነ ማየት የሚፈልገውን ሰው ሲሄድ በቀኝ፣ ሲመለስ በግራ አስቀምጠው። ለፎቶ ስትቆምም ስትሄድ ቁም፤ ዳሩ በአንተ በኩል ስለሆነ መንገድ ማቋረጥ የለብህም። ስትመለስ ግን ልጅ ይዘህ ኩርባ ላይ አስፋልት እንዳትሻገር።

ከዚያ ቁልቢ፣ ጨለንቆ፣ ቆቦ፣ ካራሚሌ፣ ሂርና፣ ጭሮ። ጨለንቆ ያ የ1879 ዓ.ም. ጦርነት የተደረገበት ነው፤ የአፄ ምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ያሸነፈበት ሜዳ። ከሂርና እስከ ጭሮ ያለው ኩርባ ለዓይን ሸጋ ነው፣ ለጨጓራ ግን ክፉ ነው። ከጭሮ በኋላ ወደ ሚኤሶ ቁልቁል ትወርዳለህ፤ ያኔ ደጋው አልቆ ሙቀቱ ይቀበልሃል።

3. የሳቢያን_ጋራዥ

ቪትዝ ይችላል። የማይችለው ቸልተኛ ሹፌር ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደንገጎ ደግሞ ከ2,000 በላይ። 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ በሆነ መንገድ ያን ሁሉ ትወጣለህ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ቁልቢ ላይ ስትደርስ ከፋብሪካው ጉልበት ሩብ ያህሉ የለም። ስለዚህ አራት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ነዳጅ ፔዳሉን መርገጥ ዋጋ የለውም፤ ኤሲውን አጥፋ፣ ኦቨር ድራይቩን (ከፍተኛውን ማርሽ) አጥፋ፣ ማርሹ ላይ 2 ካለ እሱን ተጠቀም፣ ሞተሩን ከ3,000 እስከ 3,500 ዙር ላይ ጠብቀህ ቀስ ብለህ ውጣ። ዳገት ላይ ሞተር የሚያፈላው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ በከባድ ማርሽ እየታፈነ መውጣት ይብሳል። በዝቅተኛ ዙር የውሃ ፓምፑ ውሃ በደንብ አያዞርም።

ከመነሳትህ በፊት ይህን አሳይ፦

ራዲያተር። ንጹሕ ኩላንት እንጂ የቧንቧ ውሃ አይሁን። የራዲያተር ክዳኑን ጎማ እየው፤ ብዙ ሰው የሚንቀው እሱን ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው በ2,400 ሜትር ከፍታ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ግፊት የሚይዝ ክዳን ግን የመፍያውን ሙቀት 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ርካሽ ዕቃ ናት፣ ዳገት ላይ የምታስቆም እሷ ናት።

ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)። ከተሰነጠቀ ወይም ካፏጨ ቀይር። ባለሙያ የሚያውቀውን ልኩን ይዘህ ሁለተኛ ቺንጋ መያዝ ጥሩ ነው።

የፍሬን ዘይት። ሁለት ዓመት ያለፈው ከሆነ አስቀይረው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይመጥጣል፤ እርጥበት ያለበት ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ይፈላና አረፋ ይሆናል። አረፋ ይጨመቃል፤ ዘይት አይጨመቅም። ለዚህ ነው ፔዳሉ ድንገት ለስልሶ ወለል የሚነካው።

የፍሬን ሸራ። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ደንገጎን ይዘኸው አትውረድ።

ለቁልቁለቱ ሕጉ አጭር ነው፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ማርሽ ዜሮ አድርጎ "ነዳጅ ልቆጥብ" የሚል ሰው አለ። ተሳስቷል። ዘመናዊ ሞተር በማርሽ ቁልቁል ሲወርድ ነዳጅ ራሱ ይቆርጣል፤ ዜሮ ላይ ግን ሞተሩን ለማዞር ይረጫል። ፍሬኑን አጠንክረህ ረግጠህ ልቀቅ፣ እንደገና ረግጠህ ልቀቅ። በስሱ እየረገጡ አምስት ኪሎ ሜትር መውረድ ነው ሸራ የሚያቃጥለው።

ሽታ ከሸተተህ፣ ማለትም የተቃጠለ ጨርቅና ሙጫ ያለው ሽታ፣ ሜዳ ቦታ ፈልገህ ቁም። ውሃ አታፍስበት፤ ዲስኩ ይጣመማል። የእጅ ፍሬንም አጥብቀህ አትሳብ፤ የጋለ ከበሮ ላይ ሸራው ይጣበቃል። ማርሹን P ላይ አድርገህ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገብተህ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ።

4. የጀጎል_አምስት_በር

ጋሼ ደንገጎ_ሾፌር ያሉት ከድሬ ለሚነሳ ልክ ነው። ከሐረር ለሚነሳ ግን ሐይቆቹ በመንገዱ ላይ ናቸው። በአወዳይ አድርገህ መጀመሪያ ሐሮማያ፣ ቀጥሎ አዴሌ፣ ከዚያ ደንገጎ። የከዚራው ወንድማችን ግን ደንገጎ ላይ ወደ ግራ ታጥፎ ማየትና ተመልሶ መምጣት አለበት፤ ደርሶ መልሱ ከነመቆሚያው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። ያን ቀን አዋሽ ለመድረስ ካሰበ በጣም ይጣደፋል። ስለዚህ ሐይቆቹን በመልስ ቀን ማድረግ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑም ለስለስ ይላል።

ሐሮማያ በ1990ዎቹ ማብቂያ ደርቆ ነበር። ያኔ የሐረር ከተማ ውሃ ከሱ ይሳብ ነበር፣ ዙሪያው ያለው የጫትና የአትክልት እርሻ በሞተር ይጠጣል፣ ከተራራው የሚወርደው ደለል ደግሞ ይሞላዋል። ሦስቱ ሲደመሩ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የሐረር ውሃ ከድሬዳዋ ቆላ፣ ከድሬ ጃራ በፓምፕ ይወጣል፤ ተፋሰሱ ላይም ሥራ ተሠርቶ ውሃው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተመልሷል። ጥልቅ አይደለም፤ ዳርቻው እንደ ወቅቱ ይሸሻል፣ ይመጣል። ዳሩ ደረቅ መስሎ መኪና የሚይዝ ጭቃ ነው፤ ውሃው አጠገብ ካላቆምኩ ብለህ ከአስፋልት አትውረድ። ሳሩ አረንጓዴ ሆኖ መሬቱ ጥቁር ከሆነ ሥሩ እርጥብ ነው።

ሰማዩ ጠርቶ ከዋለ ከሐሮማያ አካባቢ በደቡብ ምዕራብ ጋራ ሙለታ ይታያል፤ 3,381 ሜትር ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ነው ጥርት የሚለው። በሐምሌና በነሐሴ አረንጓዴው ልዩ ነው፣ ተራራው ግን ጉም ውስጥ ነው።

አወዳይ ላይ ከሰዓት በኋላ አትግባ። የጫት ገበያው አስፋልቱን ይሞላዋል።

5. ወሪያ_ለገሀር

አቦ ነገሩን አከበዳችሁት እኮ! በቆላው፣ በኤረር በሚኤሶ በኩል ብትሄድ ዳገት የለ፣ ኩርባ የለ፣ ፍሬን ማቃጠል የለ። በጊዜ አዋሽ ገብተህ ጠዋት ፓርክ፣ ማታ ድሬ።

6. ደንገጎ_ሾፌር

ወሪያ፣ ሰውየው እኮ የጠየቀው ተራራና ሐይቅ ነው። በቆላው የሚያገኘው ግራር፣ ግመልና የባቡር ሐዲድ ነው፤ ለሚጣደፍ ሰው ጥሩ መንገድ ነው፣ ለዚህኛው ጉዞ ግን አይሆንም። ሌላው ደግሞ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ግመል ሲያጋጥም ከኩርባው ይልቅ ያስፈራል። ግመል በጡሩምባ አይሸሽም፤ ተደናግጦ ወደ መኪናው ይዞራል። እግሩ ረጅም ስለሆነ ስትገጨው ሰውነቱ መስታወቱ ላይ ነው የሚወድቀው። ፍጥነት ቀንስ፣ እረኛው ወዴት እንደሚነዳ እይ፣ የመጀመሪያው ካለፈ ሌሎቹም ይከተላሉና ጠብቅ።

በሁለቱም መንገድ ለሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ ጠዋት ከጭሮና ከአዋሽ የመጣ ሾፌር ጠይቁ። መናኸሪያ ሄዶ አምስት ደቂቃ ማውራት ነው። ኬላዎች ላይም ስለ ቀጣዩ መንገድ ጠይቁ፤ "ዛሬ ይቅር" ከተባላችሁ ይቅር። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ከጭሮ እስከ መተሐራ ባለው ላይ አትንዱ። አራት ነጥብ።

7. የከዚራ_ልጅ

በጣም አመሰግናለሁ። በደንገጎ ቆርጠናል። ልጆቹ (4 እና 7 ዓመት) መኪና ያዞራቸዋል፤ ምን ይደረግ? የጫት መኪኖቹንስ እንዴት ነው የምናልፋቸው?

8. የሁለት_ልጆች_እናት

እህትህ ልምከርህ። ወተትና ቅባት ያለበት ቁርስ አትስጣቸው፤ ከመነሳት አንድ ሰዓት በፊት ደረቅ ዳቦና ትንሽ ሻይ ይበቃል። ስልክ ከለከልክ ማለት ግማሹን ጨረስክ፤ ዓይን ስክሪን ላይ ሆኖ ጆሮ ኩርባውን ሲሰማ ነው የሚያቅለሸልሸው። መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፈት፣ ራቅ ያለ ተራራ አሳያቸው። የመጀመሪያውን ማቆሚያ ደንገጎ ጫፍ ላይ አድርግ፤ ለድሬ ሙቀት ስስ ለብሰው ስለሚነሱ ሹራብ ከሻንጣ ሥር ሳይሆን ከላይ ይሁን። ቁልቢ ላይ ጠዋት በጣም ይበርዳል።

ጆሮ ሲደፈን ለትልቁ ማስቲካ፣ ለትንሿ የምትጠጣው ነገር። የሚያመው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው፤ ጉንፋን ካለባት ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ስትወርዱ እንዳትተኛ፣ እየዋጠች ትውረድ። ደግሞ ፕላስቲክ ከረጢት በእጅ እንጂ በሻንጣ አይሁን። ይህን ብዙ ሰው ዘግይቶ ነው የሚያስታውሰው።

9. ደንገጎ_ሾፌር

የጫት አይሱዙ አይታለፍም፤ እሱ ነው የሚያልፈው። ጭነቱ በሰዓታት ይጠወልጋል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል፤ ስለዚህ አይቆምም። ከኋላህ መብራት ካበራ ሜዳ ቦታ ላይ የቀኝ ፍሬቻ አሳይተህ ዳር ያዝና አሳልፈው። ከፊት ለፊትህ በኩርባ ከመጣ ግማሹን የአንተን መስመር እንደሚወስድ ቁጠር፤ ኩርባ ከመግባትህ በፊት ጡሩምባ ምታና የመሀሉን መስመር ሸሽተህ ግባ።

ሲኖና ተሳቢ ግን ዳገት ላይ በሰዓት 15 ነው የሚወጡት። ከኋላቸው ተጠግተህ አትውጣ፤ ጭሱ ይገባል፣ እነሱ ማርሽ ሲቀይሩ ወደ ኋላ የሚንሸራተቱም አሉ። 20 ሜትር ራቅ በል። ቪትዝህ ጉልበት ስለሌለው ለማለፍ ከምትገምተው እጥፍ ቦታ ያስፈልግሃል። ጠባብ ቦታ ላይ ከተገናኛችሁ የሚወርደው ነው የሚቆመው፤ የሚወጣው ከቆመ መነሳት ያቅተዋል።

አስፋልቱ ላይ ቅጠል ወይም የድንጋይ መስመር ተነጥፎ ካየህ ከኩርባው ጀርባ የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው። ቅጠሉ የረገፈና የደረቀ ከሆነ መኪናው ሄዷል፤ ድንጋዩን ግን ማንም አያነሳውም፣ እዚያው ነው። ዝናብ በዘነበ ማግሥት ደግሞ ደንገጎ ላይ ያለው ድንጋይ ሰው ያስቀመጠው ሳይሆን ተራራው የጣለው ነው፤ በግድግዳው በኩል ያለውን ዳር እያየህ ንዳ።

ጉም ከያዘህ አጭር መብራት። ረጅሙ መልሶ ዓይንህ ላይ ነው የሚያበራው። ሁለቱን ፍሬቻ እያበሩ መንዳት ልማድ ሆኗል፤ ጥሩ አይደለም፣ የቆምክ ይመስላል፣ መታጠፍህንም ማሳየት አትችልም።

10. ፈንታሌ_አስጎብኚ

ስለ ፓርኩ እኔ ልጻፍ።

አዋሽ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ አውራ ጎዳናው መሃሉን ቆርጦት ያልፋል። ከድሬ ሲመጣ የአዋሽን ድልድይ ተሻግረህ አዋሽ ሰባት ኪሎን ታልፋለህ (ድልድዩን ፎቶ አታንሳ)፤ በሩ ከዚያ ወደ መተሐራ ስትሄድ በግራ፣ በደቡብ በኩል ነው። ከአዋሽ ከተማ በፊት ከሚሌ የሚመጣው የጅቡቲ መንገድ ስለሚቀላቀል የተሳቢው ብዛት ድንገት ይጨምራል፤ ከደጋው ኩርባ የወጣ ሹፌር እዚህ ነው የሚዘናጋው።

በሩ ላይ የሰውም የመኪናም ይከፈላል። መታወቂያ ይያዙ። ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይውሰዱ፤ ቪትዝ ውስጥ አራት ሰው ካለ አንድ ቦታ ማስለቀቅ ይኖርባችኋል፣ አስቀድማችሁ አስቡበት። ያለ ስካውት ከመኪና መውረድ አይፈቀድም፤ ሲመሽም በውስጡ አይነዳም።

ቪትዝ የት ድረስ ይገባል? በበጋ ኢላላ ሳላ የሚባለው የሳር ሜዳ ላይ ያለው ዋና የጠጠር መንገድና እስከ ፏፏቴው ያለው ይሆናል። ፏፏቴው ከበሩ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአስፋልት ሰሜን ያሉት፣ የፈንታሌ ተራራና ፍልውሃው፣ ለፎርዊል ብቻ ናቸው፤ ስለታም የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ጥልቅ አቧራ አለበት። ፍልውሃው ጋ ያለው የዘንባባ ጥላና ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ ያጓጓል፣ አውቃለሁ፤ ግን በቪትዝ አይሆንም። አዋሽ ከተማ ላይ ፎርዊል ለግማሽ ቀን መከራየት ይቻላል። ከዘነበ ደግሞ ኢላላ ሳላም ራሱ ይቀራል፤ ጥቁር አፈሩ ጎማ ላይ እንደ ጭቃ ጫማ ይጠመጠማል።

ሜዳው ላይ መሆን ያለባችሁ ከጠዋቱ 12 ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ እንስሳቱ ጥላ ውስጥ ይተኛሉ፣ ሜዳውም ባዶ ይመስላል። ሳላ፣ የሜዳ ፍየል፣ ከርከሮ፣ ሰጎን ሜዳው ላይ፤ አምበራይሌና አጋዘን ቁጥቋጦው ውስጥ። ሳላ ከሩቅ አንድ ቀንድ ያለው ይመስላል፤ በጎን ሲቆም ሁለቱ ቀጥ ያሉ ቀንዶች ይደራረባሉ። መኪናውን ወደ እሱ አታዙሩ፤ ሞተር አጥፍታችሁ ቁሙ፣ ግጦሹን ይቀጥላል።

ዝንጀሮዎቹን ልብ በሉ። ሁለት ዓይነት አሉ። ነጩ ዝንጀሮ (ወንዱ እንደ ካባ የሚሆን ግራጫ ጎፈር ያለው፣ ፊቱና መቀመጫው ቀላ ያለ) ከፏፏቴው በታች ባለው ገደል ይበዛል፤ ወይራማ ቀለም ያለው፣ ፊቱ ጥቁር የሆነው ተራ ዝንጀሮ ደግሞ ከፏፏቴው በላይ። መሃል ላይ ይደባለቃሉ፤ ጎፈሩ የአንዱ፣ ፊቱ የሌላው የሆነ ክልስ ታያላችሁ። ተመራማሪዎች ለዓመታት ያጠኑት እዚህ ነው። ሙዝ ግን አትስጡ፤ አንዴ የለመደ ዝንጀሮ የመኪና መስኮት ይከፍታል።

ወንዙ ውስጥ አዞ አለ። ፏፏቴው ሥር ያለው ውሃ ቢያምርም እግር እንኳ አይነከርም።

11. የከዚራ_ልጅ

ማደሪያስ? በሰቃስ ከፓርኩ በፊት ነው ከኋላ? የመሬት መንቀጥቀጡ ነገር ደግሞ ቤተሰብ አስፈርቷል።

12. ፈንታሌ_አስጎብኚ

ማደሪያ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ወይም ፓርኩ ውስጥ ፏፏቴው አጠገብ ነው። ከተማ ውስጥ የባቡር ጣቢያው ጋ ያለው አሮጌው ቡፌ ጥላውና በረንዳው ለልጆች ይመቻል። ፓርኩ ውስጥ ያለው ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ጠዋት ሜዳው ላይ ለመገኘት ከተማ ካደረ ሰው አንድ ሰዓት ትቀድማለህ። የትም ብታድር አጎበር ያስፈልጋል፤ ወባ አለ።

በሰቃ ከፓርኩ በር አልፈህ መተሐራ አጠገብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ማታ ሳይሆን የሁለተኛው ቀን ጠዋት ከፓርክ በኋላ ሄዳችሁ ተመለሱ። አስፋልቱና ሐዲዱ ሐይቁን እየታከኩ ያልፋሉ፤ በአንድ በኩል ውሃ፣ በሌላው ከፈንታሌ የፈሰሰ ጥቁር የቀለጠ ድንጋይ፣ ገና ትናንት የቀዘቀዘ ይመስላል። የመጨረሻው የፈሰሰው ከ200 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ተራራው ራሱ 2,007 ሜትር ሲሆን ጫፉ ሰፊ ጉድጓድ ነው።

ሐሮማያ ሲያንስ በሰቃ ያድጋል፤ ነገሩ የሚገርም ነው። በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ የነበረው አሁን ከአሥር እጥፍ በላይ ሆኗል። ከመሬት ሥር የሚገባው ውሃ ጨምሯል፤ በዙሪያው ያለው የመስኖ እርሻ አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። መንገዱም ሐዲዱም ከፍ የተደረጉት ለዚህ ነው። ውሃው ጨውና ፍሎራይድ አለበት፤ አይጠጣም፣ ራዲያተር ውስጥም አይጨመርም፣ መኪናም አይታጠብበት። አዞም አለው። የሞቱ ግራሮች ውሃው ውስጥ ቆመው የምታዩት ሐይቁ ስለዋጣቸው ነው።

ስለ መንቀጥቀጡ፦ በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ ፈንታሌና ዶፈን በሚባሉት እሳተ ገሞራዎች መካከል የቀለጠ ድንጋይ ከሥር ሰንጥቆ ሲገባ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ነበር፤ በታኅሣሥ መጨረሻ መጠኑ ከ5.5 በላይ የደረሰ ነበረበት፣ ዶፈን ላይም እንፋሎትና ጭቃ ወጣ፣ ሕዝብም ከአካባቢው ተነሳ። አስፋልቱ ላይ ስንጥቅ ተፈጥሮ ነበር። አካባቢው ስምጥ ሸለቆ ነውና ወደፊትም ይኖራል። ለመንገደኛ የሚሆነው፦ አስፋልቱን አቋርጦ የሚሄድ አዲስ ስንጥቅ ወይም ጉብታ ካየህ ፍጥነት ቀንስ፣ የፈንታሌን ጫፍ መውጣት በዕለቱ ስካውቱ ካልፈቀደ አትጠይቅ፣ አዲስ እንፋሎት ወደሚወጣበት ስንጥቅ አትጠጋ።

13. የሳቢያን_ጋራዥ

ጎማ ረስተን! ይህ ጉዞ ጎማ ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ብርድና ሙቀት፣ ቀጥሎ የግራር እሾህ።

ነፋሱን ድሬ ላይ ጠዋት መኪናው ሳይሄድ በሩ ላይ በተለጠፈው ልክ ሙላ። አዋሽ ላይ በቀትር ብትለካው ከ4 እስከ 5 ፒ.ኤስ.አይ. ጨምሮ ታገኘዋለህ። እንዳታስተነፍሰው! ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይወርዳል። በጋለ ጊዜ የተነፈሰ ጎማ ነው ማግሥቱን ጎኑ እየታጠፈ ሄዶ የሚፈነዳው። የጎማውን የተሠራበት ቁጥር እይ፤ አራት አኃዝ ነው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የፈረንጅ ዓመት ናቸው። ስድስት ዓመት ካለፈው ጥርሱ ቢኖርም ለቆላ አይሆንም።

እሾህ ሲወጋ ወዲያው አትንቀል። እሾሁ ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖታል፤ ጎሚስታ እስክትደርስ ይይዝልሃል። ፓርክ ውስጥ ክሪኩ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል፤ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ያዝ። ተቀያሪ ጎማህ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ በሱ ከ80 በላይ አትንዳ፣ ጠጠር ላይም አታውጣው።

ነዳጅ፦ ቪትዝ በዚህ ዳገት 100 ኪሎ ሜትሩን በ7 ሊትር ብለህ አስላ። ደርሶ መልስ 580፣ ፓርክና በሰቃ 100፣ በጠቅላላ 680 ኪሎ ሜትር፤ 48 ሊትር ገደማ ነው። ታንከሩ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ድሬ ሙሉ፣ ጭሮ ላይ ብታገኝ ጨምር፣ ባታገኝ አዋሽ። "በመልስ እቀዳለሁ" አትበል፤ ግማሽ ሲሆን መፈለግ ጀምር። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ኔትወርክ ሲቆም ሰልፉም ይቆማል፤ ስልክህን ቻርጅ አድርግ። ጄሪካን አይቀዳልህም፤ ቢቀዳልህም ቤንዚን ከልጆች ጋር በዚያ ሙቀት መኪና ውስጥ አይያዝም።

14. የጀጎል_አምስት_በር

ቀን ስትመርጡ ታኅሣሥ 19ን እና ሐምሌ 19ን ሽሹ፤ የቁልቢ ገብርኤል ነው። ለንግሡ ካልሆነ በቀር ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ እስከ ማግሥቱ መንገዱ በመኪናና በእግረኛ ይሞላል። በሌላ ጊዜ ግን ቁልቢ ጥሩ ማረፊያ ነው።

ቁርስ ቁልቢ ወይም ሂርና፣ ምሳ ጭሮ። ጭሮን ሳትበሉ አትለፉ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ አዋሽ ምርጫ የለም። ውሃ በሰው አምስት ሊትር ለአንድ ቀን፣ ለራዲያተር ደግሞ ለብቻው አምስት።

ፎርዊል ያላችሁና ሦስተኛ ቀን ያላችሁ ደግሞ ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ቁኒ አካባቢ ያለውን የቁኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያ አስቡበት። ለቪትዝ አልልም።

15. የከዚራ_ልጅ

እንግዲህ እንዲህ አድርገነዋል፦ ቀን አንድ ድሬ 12 ሰዓት፣ ቁልቢ ቁርስ፣ ጭሮ ምሳ፣ አዋሽ ከ9 ሰዓት በፊት። ቀን ሁለት ጠዋት ኢላላ ሳላና ፏፏቴ፣ 4 ሰዓት በሰቃ፣ 5 ሰዓት ተኩል ወደ ድሬ፣ አዴሌንና ሐሮማያን አይተን ማታ ቤት። የፍሬን ዘይትና የራዲያተር ክዳን ነገ ይቀየራል።

16. ደንገጎ_ሾፌር

ቀን ሁለትህ አይሞላም። ከአዋሽ 5 ተኩል ተነስተህ መቆሚያ ሳይቆጠር ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ደንገጎ ላይ በጨለማ፣ ደክመህ፣ ልጆች ተኝተው፣ ቁልቁለቱን ልትወርድ ነው። ከሁለት አንዱን ምረጥ። ወይ በሰቃን ትተህ 4 ሰዓት ላይ ከፓርክ ውጣ፤ እንዲያም ሆኖ ሐይቆቹ አይደርሱልህም። ወይ ጭሮ እደርና ሦስተኛው ቀን ጠዋት በረጋ መንፈስ አዴሌና ሐሮማያ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ነው። ጭሮ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ከአዋሽ ሙቀት በኋላ ልጆቹም መኪናውም ያርፋሉ።

17. የከዚራ_ልጅ

እሺ፣ ጭሮ እናድራለን። ሹራቡ ከላይ ነው።

18. የሳቢያን_ጋራዥ

ክዳኑን ስትገዛ በአሮጌው ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር እይ፤ 0.9 ከሆነ 0.9፣ 1.1 ከሆነ 1.1። "ከፍ ያለው ይሻላል" ብለው ከሸጡልህ ያረጀው የራዲያተር ቱቦ ደንገጎ ላይ ይፈነዳል።